ካቫታን ሳልይዝ የመጣሁበት ምክንያት

ውድ ወንድሜ ሙቱንጋ፣

ቅዳሜ ዕለት ናይሮቢ ላይ አንድ ሙሉ ሰርከስ በአንድ ትንፋሽ አፈረስኩ። እሺ፣ ሙሉ ሰርከስ አይደለም፤ ሰው በሰው ላይ ቆሞ የሠራው አንድ ካብ ነው። ትንፋሹም አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ግን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይቀማኝም።

ልጅህ በሕይወት አለች፣ በሁለት እግሯም ትሄዳለች። ስለ እጇ ቆይቼ እነግርሃለሁ። አሁኑኑ ብነግርህ ወረቀቱን ቀዳደህ ትጥለዋለህ፤ ይህን ወረቀት ለመሙላት ያፈሰስኩትን ላብ ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ሳትይዛት ከመጣህ በሬን እንዳታንኳኳ» ብለኸኝ ነበር። አላንኳኳሁም፤ ይህን ደብዳቤ በበሩ ሥር ሰደድኩልህ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ወዳንተ እየሮጥኩ አስነብብ ነበር። የማታ ትምህርት ቤቱን ዕድሜ ይስጠውና አሁን አንተ ተቀምጠህ እኔን ታነባለህ። መምህራችን በክፍሉ ውስጥ እንደ ኪዮኮ የሚጽፍ የለም ብላለች። እንደ ኪዮኮ ቀስ ብሎ የሚጽፍ ማለቷ ነው እያሉ የሚያወሩ አሉ፤ ቅናት ነው።

አርብ ከሰዓት ከማቻኮስ ስነሳ የሰጠኸኝን ትልቁን ባዶ ሻንጣ ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ናይሮቢ፣ ንጋራ ሰፈር ስወርድ ካቫታ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከስታለች ብዬ ላስደስትህ አልችልም፤ አልከሳችም። ትከሻዋ ያንተን መምሰል ጀምሯል። ሰላም ተባብለን ስናበቃ ዓይኗ ሻንጣው ላይ አረፈ። ተቀበለችኝ፣ ቀለላት።

«አጎቴ፣ ሰው ባዶ ሻንጣ ይዞ እንግድነት አይመጣም» አለች።

ከተማ ልሸምት ነው አልኳት። ፊቴን አይታ እንዳላመነችኝ ገባኝ። ሻንጣውን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ ሳይርብዎት አይቀርም ብላ ፊት ፊት መራችኝ።

ቅዳሜን አፌን በምግብ ስትሞላው ዋለች። «አባትሽ እኮ...» ብዬ ስጀምር ሙቱራ ሻጩ ፊት አቆመችኝ። ሰውየው ያንን በደም የተሞላ አንጀት ከፍሙ ላይ አንስቶ፣ እንጨቱ ላይ በቢላ ቸክ ቸክ አድርጎ፣ ጨውና ቃሪያ ነስንሶ አቀረበልኝ። ቆሜ በላሁ። ትንሽ ሄደን «አባትሽ እኮ...» ስል ትኩስ ቻፓቲ በቦሎቄ መጣ። እሱንም ቆሜ በላሁ። እንዲህ ያለ አፍ ማዘጊያ ቢሆን እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ዝም ባልኩ ነበር። እሷ ራሷ ግን ከሸንኮራ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ትርኢት ባለበት ቀን ሆድ አይሞላም አለችኝ። ይህ አንተ ካብ በምትሸከምበት ዘመን የማን ሕግ እንደነበር ታውቃለህ።

ከዚያ ግድግዳ ታሳየኝ ጀመር። ናይሮቢ ሥዕል የሌለበት ነገር ያለ አይመስልም፤ እኔን ያመጣኝ ሚኒባስ፣ ማታቱው እንኳ ጎኑ ላይ አንበሳ አለው፣ ጥርስ ሐኪም የሚያስፈልገው አንበሳ። ትርኢት ከሚያሳዩበት አሮጌ ሲኒማ ቤት ጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ሌላ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች መሰላል ላይ ወጥተው የሰርከሱን ካብ ከመሬት እስከ ጣሪያ ስለውታል። ጫፉ ላይ ካቫታ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። መንገደኛው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ እሷን ያያል። እኔም አየኋት፤ ልቤ በኩራት ነፋ አለ፣ አንተ ትዝ ስትለኝ ደግሞ ተነፈሰ።

እሷ ግን የራሷን ምስል አላየችም። ከታች ሁሉንም የተሸከመውን ሰውዬ አሳየችኝና ሠዓሊው ጉልበቱን አሳስቶታል አለች። እንዲህ ወደ ውስጥ የገባ ጉልበት ሰው አይሸከምም፤ እንዲያስተካክለው ትላንት ነግሬዋለሁ፣ አልሰማኝም አለች።

እዚያ ግድግዳ ሥር አፌ ባዶ ነበርና ተናገርኩ። እሁድ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ እንድትመለስ መላክህን ነገርኳት። ብርድ ሲመጣ ጉልበትህ ዛሬም እንቅልፍ እንደሚነሳህ፣ የልብስ ስፌቱን ጥላ ሰርከስ ከገባች ወዲህ ልጄ በሰው ጉልበት ላይ ቆማለች እያልክ እህል እንደማይወርድልህ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም።

«አጎቴ፣ ዛሬና ነገ ይዩ። ነገ ማታ ‹ነይ› ካሉኝ ሻንጣውን ሞልቼ እከተልዎታለሁ። ግን አባዬ አለ ብለው አይደለም። ራስዎ ይበሉኝ» አለች።

ሙቱንጋ፣ ያቺ ልጅ ተንኮሉን ከማን እንደወረሰች አላጣሁትም። ያንተን መልእክት አድርሼ እጄን ላራግፍ የመጣሁትን ሰው፣ ሸክሙን አዙራ ጫነችብኝ።

ከሰዓት ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አንዱ ወንበር በወንበር ደራርቦ ላዩ ላይ በአንድ እጁ ቆመ። ሌላዋ በእሳት ቀለበት ውስጥ ሾልካ ወጣች፣ ጸጉሯም አልተቃጠለም። እኔም አጠገቤ ለነበሩት ሰዎች በጉብዝናዬ ዘመን ይህን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራው እንደነበር ነገርኳቸው። ከዚያ ካቡ መጣ።

ኦጎላ የሚባል ቁምሳጥን የሚያክል የኪሱሙ ሰው መሃል ገባ። ከታች ተሸካሚው እሱ ነው። ወጣቶቹ ግራና ቀኝ ተሰኩበት፣ ትከሻው ላይ ወጡ፣ በእነሱ ላይ ደግሞ ሌሎች ወጡ። ካቫታ በመጨረሻ መጣች። ጭን ረገጠች፣ ትከሻ ረገጠች፣ ደግሞ ሌላ ትከሻ። ከበሮው ዝም አለ። አንዱን እግሯን አሳርፋ ሁለተኛውን እያስከተለች ነው፤ እጆቿ መዘርጋት ጀምረዋል።

እኔ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። አንተ ከታች፣ እኔ ትከሻህ ላይ፣ የገበያ ቀን ሜዳ ላይ ያለን መሰለኝ። ጣቶቼን አፌ ውስጥ ከትቼ ያንተን ፉጨት፣ ሁለቱን አጫጭሩን፣ ባለኝ ሳንባ ሁሉ ለቀቅኩት። ለአድናቆት ነበር። ሌላ ፉጨት አላውቅም።

ካቡ መውረድ ጀመረ።

ግራና ቀኝ የነበሩት እንደታዘዙ ዘለው ወረዱ። መሃል ያሉት ጎንበስ አሉ። ካቫታ ሁለተኛ እግሯን ልታሳርፍበት የነበረው ትከሻ ከሥሯ ሄደ። ኦጎላ የቀሩትን አራግፎ ክንዱን ዘረጋና ወገቧን ያዛት፤ ግራ እጇ ግን ቀድሟት ወለሉን መታ። ድምፁን ሰማሁት። ግማሹ ተመልካች የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። እኔ ጣቶቼ አፌ ውስጥ እንዳሉ ደርቄ ቀረሁ።

ከመጋረጃው ጀርባ ስደርስ ኦጎላ ማን ነው ያፏጨው እያለ ይጮኻል። ካቫታ እጇን ቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ ከታ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰው ሊጠይቁ ነው የመጡት ወይስ ሊገድሉ?»

ኦጎላ ነገሩ ገባው። ከእግር እስከ ራስ ለካኝና፣ «ሽማግሌው፣ ነገ ሲመጡ አፍዎን በር ላይ አስቀምጠው ይግቡ» አለኝ።

 እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ያንን ፉጨት ከየት አመጣችሁት? ኦጎላ ጣቱን ወደ ካቫታ ቀሰረ። ድሮ የሚወርዱት በጩኸት ነበር አሉ፣ ከበሮውና ሰዉ ድምፁን እየዋጠው ስንቴ ተላልጠዋል። ካቫታ ስትመጣ ያን ፉጨት ሳትለምዱ አልወጣም ብላ አስቸገረቻቸው። ተሸካሚው ያፏጫል፣ ሁሉም ይወርዳል፣ ማንም ለምን አይልም።

«አባዬ ሲያፏጭ ሰው ወድቆ አያውቅም፤ ያልኳቸው ይህን ነው» አለች ካቫታ፣ ባልዲው ውስጥ እያየች።

እውነቷን ነው። ጉልበትህ የሄደ ቀን እንኳ ጥርስህን ነክሰህ፣ በዚያ ፉጨት ሁላችንንም መሬት አስነክተህ ነው አንተ የወደቅከው። ከዚያ ወዲህ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ላይ ያለ ሰው ታች ያለውን አያይም። አንድ ቀን የሰውዬው ጉልበት ይከዳል፣ ልጄ ሳታየው ትወድቃለች። በክርክር ማንም የማያሸንፈኝ እኔ፣ ለዚህ ቃልህ መልስ አግኝቼለት አላውቅም ነበር።

እሁድ ጠዋት እጇ አብጦ ነበር። ክሊኒክ ወስጄ አሳየኋት፤ አጥንቱ አልተነካም፣ ወለምታ ነው ብለው ጠቀለሉላት። ከዚያ ሻይና ማንዳዚ አዝዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አሁን ሰበብ አግኝተዋል። ‹ነይ› ይበሉኝና ይገላገሉ።»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጥፋቱ የኔ፣ ጉዳቱ የሷ፣ ቃሉ ያንተ፤ ሁሉም ተሟልቶልኛል። ማንዳዚውን ሙሉውን ጎረስኩት። ሳል ይዞኝ እንደሆነ አስመስዬ፣ የተባባልነው ማታ ነው አልኳት።

የእሁዱ ትርኢት ላይ ሌላ ልጅ ጫፍ እንድትወጣ ተደረገ። የኔን ጉድ ካዩ በኋላ ደግሞ ከታች መሬት ላይ የቆመ አንድ ሰው ብቻ ያፏጭ፣ ሁሉም እሱን ብቻ ይይ ተባብለዋል። ያቆሙት ካቫታን ነው። እኔ እጆቼ ላይ ተቀመጥኩባቸው።

ካቡ ተሠራ። ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ። እኔ ካቫታን አየሁ። ካቫታ አንድም ጊዜ ቀና አላለችም። የኦጎላን ጉልበት፣ እሱን ብቻ ታያለች። ልጅቷ ጫፍ ደረሰች፣ አንዱን እግሯን አሳረፈች፣ ሁለተኛውንም። ሰዉ የመጣው ለሚቀጥለው ነው፤ እጇን እስክትዘረጋ ትንፋሹን ይዟል። ኦጎላን አየሁት፤ ፊቱ ፈገግ ብሏል። ጉልበቱን አየሁት፤ እኔ ያየሁት ነገር የለም።

ካቫታ አፏጨች።

ሁሉም ወረዱ፣ አንድ በአንድ፣ እንዳንተ ዘመን። ተመልካቹ አጉረመረመ። ከኋላዬ አንዱ፣ ለዚህች ነው እንዴ የተጋፋነው አለ። ጫፍ የወጣችው ልጅ እጇን ሳትዘረጋ መውረዷ ከንክኗት ካቫታን ገላመጠቻት። ካቫታ ወደ ኦጎላ ሮጠች። ተከትያት ስገባ ሰውዬው ሳጥን ላይ ተቀምጧል፣ ቀኝ እግሩ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ሊነሳ ሞክሮ አልቻለም። ለሰው ላለማሳየት እየሳቅኩ ነበር አለ፤ አንድ ትንፋሽ ብትቆይ ሁላችንም አልቆልን ነበር አለ።

ሙቱንጋ፣ ልጅህ ታች ታያለች።

ማታ መኪና ተራ ሸኘችኝ። ሻንጣው በደህናው እጇ ነው፣ እንደመጣ ባዶውን። ረዳቱ ማቻኮስ፣ ማቻኮስ ይላል። እንግዲህ የሚሉትን ይበሉኝ አለችኝ።

«ቦታ ያለ አይመስለኝም፤ መኪናው ሞልቷል» አልኳት።

ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። በመስኮቱ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ በተጠቀለለው እጇ ዓይኗን ጠረገችና አቧራ ነው አለች። ሻንጣውን በመስኮት አቀበለችኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጥቂት አብራው ሮጠች።

«ለአባዬ ይንገሩት፣ ቅዳሜ እንሠራለን። ይምጣ» አለች።

እንግዲህ ቅያሜህ ከኔ ጋር ይሁን። በርህን ለኔ አትክፈት፣ ሰላምታዬንም አትመልስ፤ ቅዳሜ ግን ሂድ። ከኔ ጋር መሳፈር ካልፈለግህ በሌላ መኪና እመጣለሁ፤ ከፈለግህም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ዝም እላለሁ። ኦጎላ ጉልበቱ እስኪጸና ካቫታ ካቡ ላይ ሰው አላስወጣም ብላለች፤ እሷም አትወጣም። ለካ ሠዓሊው አልተሳሳተም፤ ሰውዬው ሲቆም ጉልበቱን ወደ ውስጥ ይሰብራል። እንዴት እንደሚቆም ሊያሳየው የሚችል ሰው ከዚህ እስከ ናይሮቢ አንድ ነው፣ እሱም በሩን ዘግቶ ይህን እያነበበ ነው።

መምህራችን ያልተባለ ነገር አትጻፉ ትላለች፤ እኔ ደግሞ አንድ ቃል ጨምሬአለሁ። ካቫታ «ይምጣ» አላለችም። «ቅዳሜ እንሠራለን» ብላ ቆመች። አፏ እንደተከፈተ ነበር፤ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ አንገቴን አውጥቼ ጠበቅኩ። ቃሉ አልመጣም። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ እንዳየሁት ነው።

ወንድምህ ኪዮኮ