ሐምራዊው ፀጉር ሲነሳ

ለብርቅነሽ፣ ለኔዋ ብርቄ፤

ነፍስሽን በገነት ያኑርልኝና፣ ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ዘጠኝ ቀን ቀረው። ይህን የምጽፍልሽ እኔው ራሴ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ፤ የኛንም ፊደል የፈረንጁንም። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። እርግጥ አራት ነበርን፣ አንደኛው ሰውዬም እየቀረ ያስቸግር ነበር። አንደኛ ግን አንደኛ ነው።

ቤታችን እንደተውሽው ነው። ያው የጀርመን ሰፈራችን ዞሰንሃይም፣ ያው አምስተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱም እንደ ልማዱ ይበላሻል። እኔ አሁንም ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ካርቶን እሸከማለሁ፤ ጎረምሶቹ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ እኔ አፏጫለሁ። ልጃችን ሜላት ሥዕል ትምህርት ቤት ገብታለች። የምጽፍልሽም ከሷ ዘንድ ባየሁት ነገር የተነሳ ነው።

ኮሪደሩ ላይ የሰቀልሻት ሥዕል ትዝ ትልሻለች? ሜላት በአሥራ አንድ ዓመቷ በኮምፒውተር የሣለቻት፣ እንደ ጃፓን ካርቱን ዓይኗ የድስት ክዳን የሚያክል፣ ሐምራዊ ፀጉሯ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የሚወርድ ሴት። እኔ ከአገር ቤት ስመጣ ተሰቅላ ጠበቀችኝ። ቡና ሊጠጡ የመጡት እትዬ ከበቡሽ ዓይኗን አይተው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መስላቸው የተሳለሟት ቀን፣ አንቺ ወጥ ቤት ገብተሽ አፍሽን በፎጣ አፍነሽ ሳቅሽ፤ እኔ ደግሞ አሜን አልኩላቸው።

ለሙት ዓመትሽ የሚሰቀል ፎቶ አጣን። ያለው የመታወቂያሽ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ፖሊስ የያዘሽ ትመስያለሽ። ሜላት ያቺን ካርቱን እንደ እውነተኛ ሰው አድርጌ እንደገና እሥላታለሁ፣ እማዬ እኮ ናት አለችኝ። ያ ዓይን የእናትሽ ከሆነ እኔም ጃፓናዊ ነኝ ብዬ ሳቅሁባት።

ማክሰኞ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የኮምፒውተር ሥዕል እንደ ስስ ላስቲክ በንብርብር ነው የሚሠራው፤ ፊቱ ለብቻ፣ ልብሱ ለብቻ፣ ፀጉሩ ለብቻ። የድሮውን ከፍታ ዓይኑን ስታሳንስ፣ አፍንጫውን ስትሞላ፣ ጉንጭሽ ብቅ አለ። እሰይ አልኩ። ከዚያ ፀጉሩን እንደ አዲስ ልትሠራ ሐምራዊውን አነሳችው።

ሥሩ መላጣ ነበር። ያኔ በልጅነቷ ተጠንቅቃ የሣለችው መላጣ ራስ፤ ከጆሮሽ ኋላ ያለችው ጠባሳ እንኳን ሳትቀር።

ምንድን ነው ይሄ አልኳት። መልሱን በጀርመንኛ ጀመረች፤ በአማርኛ ንገሪኝ አልኳት።

«እማዬ ያኔም ታማ ነበር፤ አንተ ሳትመጣ። ፀጉሯ በመድኃኒቱ አለቀ። ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ እየሳቀ ይምጣ አለችኝ። ፀጉሩን የጨመርኩላት እኔ ነኝ።»

ብርቄ፣ ኤርፖርት ስትቀበይኝ ፀጉርሽ እንደ ምልምል ወታደር አጭር ነበር፤ ፀጉር ቤት አቃጠሉብኝ አልሽኝ። እኔም ኮሎኔል ብዬ ስም አወጣሁልሽ። ፀጉርሽ አድጎ ትከሻሽ ላይ ከወረደም በኋላ፣ በእንግዳ ፊት ኮሎኔል እያልኩ ስንቱን አሳቅሁብሽ። አብረሽ ትስቂ ነበር። ድንገት ታማ ሞተችብኝ ብዬ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ፤ ለካ በሽታው ተመልሶ ነው የመጣው።

መሳቢያሽን ከፈትኩ። የመብራት ነው፣ የቤት ኪራይ ነው እያልሽ ያነበብሽልኝን ደብዳቤ አንድ በአንድ አነበብኩት። የሐኪም ቤት ቴርሚን፣ ቀጠሮ ነው። ቴርሚን፣ ቴርሚን፣ ስምሽ፣ እንደገና ቴርሚን። ለዚህ ነው እንዴ አንደኛ የወጣሁት?

ሜላት ጥቁር ፀጉር ልጨምርላት ወይ፣ ሹሩባ ላድርጋት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተይው አልኳት። በሙት ዓመትሽ ከነመላጣሽ ትሰቀያለሽ። ለጠየቀኝ ሁሉ እኔው እናገራለሁ፤ ይህቺ ሚስቴ ናት፣ ሞትን አንድ ጊዜ ብቻዋን አባርራ፣ ፀጉሯ እስኪያድግ እንኳን ሳትጠብቅ ባሏን ልትቀበል ኤርፖርት የወጣች። በዚህ ጉራ የሚበልጠኝ ካለ ይምጣ።

ኮሎኔል ማለቱን ግን አልተውም። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ እጠራሻለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ቆሜ ነው የምጠራሽ።

ባልሽ ታደሰ፣
በገዛ እጁ የጻፈው