የማሪቪክ ድርሰት

ልጄ ጆናሊን፣ እመቤታችን ሜልቦርን ድረስ ጥላ ትሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ አውሎ ነፋሱም ከከተማችን ከኢሎኢሎ ራቀልን።

በእህትሽ በማሪቪክ ነገር ግን እንደተጨነቅሁ ነው። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ድርሰቷን የምትጽፈው ለስልኳ እየተናገረች፣ ስልኩም ወደ ጽሑፍ እየለወጠላት ነው። የኮሌጁ የድርሰት መምህር ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ "ይሄ ወሬ እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ በእጅሽ ካልጻፍሽ ትወድቂያለሽ" አላት።

እኔ ፈርቼ "ተይው፣ ያባርሩሻል" ብላት፣ "እማዬ፣ የማስበው በጭንቅላቴ ነው፤ እጄ ምን አገባው?" ብላ የኮሌጁ ኃላፊ ቢሮ ገባች። ውጭ ቆሜ ጠበቅኋት። በስልኳ እንድትጽፍ ፈቀዱላት፤ መምህሩ ግን እስካሁን ሰላምታዋን አይመልስም።

አንቺም ፊደል እንደሚምታታብሽ ከአስተማሪዎችሽ መደበቅሽን ማሪቪክ ነገረችኝ። እባክሽ ልጄ፣ ሰነፍ ሳይሉሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ድምፅሽ እንዳይሰበር አምላክ ይርዳሽ። ቢሰበርም ተናገሪ።

እናትሽ ሮዌና