የልጅዎ ጉሮሮ

ለተከበሩ አባባ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። የደሴ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ከላስ ቬጋስ ሙቀት በቀር ደህና ነን።

የሚሠራበት ካዚኖ በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ ልጅዎ ቡርሃን በስልኩ የአሜሪካ አክሲዮን ይገዛል፣ ይሸጣል። ሕጉን አስረድቶኛል፦ የሸጡበት ገንዘብ እስኪለቀቅ ሁለት ቀን ይጠበቃል፤ መጠበቅ ያቃተው ከሚያገበያየው ደላላ ይበደራል። «ብድሩ ወለድ አለበት፤ አባባ በሐራም አላሳደገኝም» ይል ነበር።

ሰሞኑን መጠበቁን ትቷል። ደላላው ሲደውል በረንዳ ወጥቶ ያወራል፤ ድምፁ እስከ ጎረቤት ይሰማል።

መስጊድ ስለተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያሰግደን እሱ ነበር። አሁን ግን «ጉሮሮዬን አሞኛል፤ ለየራሳችሁ ስገዱ» ይለናል።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። አባባ፣ ለጉሮሮው ዱዓ ያድርጉለት።

ምራትዎ ሃዲያ