ስምንት ሺህ ጫማ

ይድረስ ለአስቸጋሪዋ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ጉሮሮሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ ጠዋት ማታ አንቺን ታነሳለች። እኔም እንደምታውቂኝ ጡረታዬ እስኪደርስ ራዳሩ ፊት ተጎልቼ አውሮፕላን እመራለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በረራ ትቻለሁ ብለሽ ለእናትሽ ስትምዪ እኔም አብሬ አምኜሽ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን የጦሩን መተኮሻ ቀጠና ለማቋረጥ ፈቃድ ጠየቀች። ድምፁ ያንቺ ነው። ሥራ ላይ ደግሞ ልጄ ነሽ ወይ አይባልም። የአውሮፕላንሽን መለያ ደግሜ፣ ፈቃድ እስኪመጣ ከቀጠናው ውጪ ሐይቁ ላይ እየዞርሽ ጠብቂ አልኩሽ።

ፈራሁ፣ አልዋሽሽም። አውቶቡስ ሳይቆም የምትወርጂ ልጅ ነሽ። ከኋላሽ ደመና እየመጣ፣ ከፊትሽ መድፍ እየተተኮሰ፣ በአቋራጭ ልለፍ ብትይ ምን ይውጠኛል? አንቺ ግን እየዞርሽ ጠበቅሽ፤ አንዴም አልነዘነዝሽኝም። ጎኔ ያለው ባልደረባዬ ይቺ ፓይለት እንዴት ያለች ታጋሽ ናት ሲለኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ አቀረቀርኩ። ደረቴ ግን ሸሚዜን ሊቀድ ደርሶ ነበር።

ከዚያ የጦሩ ፈቃድ በወረቀት ተጽፎ መጣልኝ። አስረጀኝ ብዬ የማላደርገው መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። በጥድፊያ አየት አድርጌ፣ ስድስት ሺህ ጫማ ላይ እለፊ አልኩሽ። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ብሎ ይገባ ነበር። አንቺ ረጋ ብለሽ፣ የዛሬው የበረራ ማስታወቂያ ተኩሱ እስከ ሰባት ሺህ ጫማ ይደርሳል ይላል፣ እባክዎ ያረጋግጡልኝ፣ እስከዚያ አልገባም አልሽ።

ወረቀቱን ዓይኔ ሥር አስጠግቼ ሳየው ስምንት ሺህ ነው። አርሜ ነገርኩሽ፣ ቃል በቃል ደገምሽልኝ፣ አለፍሽ። ስህተቴንም እዚያው ለአለቃዬ ተናገርኩ። ማን አረመህ ሲለኝ መለያሽን ብቻ ነገርኩት፤ ስምሽ አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት።

ስንቱን ፓይለት ከዚህ ወንበር ላይ አሳልፌያለሁ፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። የኔን ቃል እንኳ በድፍኑ አልተቀበልሽም። እሰይ የኔ ልጅ።

ለእናትሽ ትንፍሽ አላልኩም። እሁድ ነይና ራስሽ ንገሪያት፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፣ ቁጣውን እንካፈላለን።

አንድ ነገር ቀረ። እንደ ባዳ ስታናግሪኝ ቆይተሽ፣ ከቀጠናው ወጥተሽ ስትሰናበቺ፣ መነጽርህን አድርግ ብለሽኝ ሄድሽ። ባልደረባዬ ዞሮ አየኝ። እኔም መነጽሬን ከኪሴ አውጥቼ አደረግሁ።

ሰማዩን ጥርት ያድርግልሽ፤ በሰላም ወጥተሽ በሰላም የምታርፊ ያድርግሽ።

መነጽሩን ያደረገው
አባትሽ