የመድረክ ባልሽን ዳርኩት

ብርቄዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ቤታችን ደኅና ነው። ታቦር ዳገት ላይ ውኃ አሁንም የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ በርሜሉን ግን ማንም ሳይነግረኝ እሞላለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ባጃጅ ገዝቶ ጠዋት ጠዋት መስኮታችን ሥር ያሞቃታል። አንቺ ብትኖሪ አንድ ቀን ወጥተሽ በዚያ በመድረክ ድምፅሽ አደብ ታስገዢው ነበር። እኔ መስኮቱን እዘጋለሁ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የነበሩትን የቲያትር ልብሶች ለቡድኑ መልሻለሁ። የራስሽን ልብሶች አልነካሁም።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ስለ ማቴዎስ ልነግርሽ ነው። አዎ፣ ስለ መድረክ ባልሽ። በሕይወት ሳለሽ ስሙን ስጠራ ፊቴን እያየሽ ትስቂ ነበር። አሁንም ሳቂ፤ ቅናቱ አልለቀቀኝም።

በለቅሶሽ ቀን የሆነውን አላየሽም። ድንኳኑ ውስጥ በር አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ማቴዎስ ከጎኔ ነው። አንዲት የማላውቃቸው እናት ገቡና እኔን አልፈው እሱ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። «የኔ ልጅ! እንዲያ ስትዋደዱ ኖራችሁ ብቻህን ጥላህ ሄደች?» እያሉ አለቀሱ። ማቴዎስ ደንግጦ ወደ እኔ እያመለከተ «እናቴ፣ ባለቤቷ እሳቸው ናቸው» አላቸው። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ወንድሟ መስለውኝ» አሉና ተመልሰው እሱን ያጽናኑ ጀመር። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያች ሰዓት ከሐዘኑ ይልቅ ቅናቱ አቃጠለኝ።

በሴትዮዋ አልፈርድም። ያን የባልና ሚስት ቲያትር እሁድ እሁድ ስታሳዩ ከተማው ከእናንተ ጋር አርጅቷል። የሠርጉ ትዕይንት ሲደርስ ሴቶቹ ከወንበራቸው ተነሥተው እልል ይሉ ነበር፤ አንዳንዶቹ መድረኩ ላይ ወጥተው ይጨፍሩ ነበር። እኔም የገዛ ሚስቴ ከሌላ ሰው ጋር ስትዳር ፊት ለፊት ተቀምጬ አጨበጭብ ነበር።

በጋዜጣው የባህል ገጽ ላይ ስለ ሌሎች አገሮች ቲያትር የጻፍኩትን ሁሉ ከማንም በፊት ያነበብሽው አንቺ ነሽ። የጥንት ግሪኮች ጭምብል አጥልቀው ይጫወቱ እንደነበር፣ የሴቱንም ቦታ ወንዶች ይይዙ እንደነበር ጽፌ ነበር። በጃፓን ተዋናዩ ጭምብሉን ከማጥለቁ በፊት እጅ እንደሚነሣው፣ በደቡብ ሕንድ የጀግናው ፊት አረንጓዴ ተቀብቶ ሰውየው ማን እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ እንደሚለወጥም ጽፌያለሁ። ማጠቃለያዬ ጭምብል ፊትን ይገድላል የሚል ነበር። አንቺም «ፊቱን ያላዩትን ሰው እንዴት አድርገው ይወዱታል?» ብለሽ ተስማማሽ።

ዛሬ ያን ጽሑፍ ብመልሰው ደስ ይለኛል። ጭምብል ባለበት አገር ትዕይንቱ ሲያበቃ ጭምብሉ ይወልቃል፤ ሚስትም ወደ ባሏ ትመለሳለች። የእኛ ሰው ግን ቲያትሩን አዳራሽ ውስጥ ትቶ አይወጣም። ያ የባጃጅ ሾፌር ትዝ ይልሻል? እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ «እሙዬ፣ ባልሽ ጉንፋኑ ተሻለው ወይ?» ብሎ ስለ ማቴዎስ ጠየቀሽ። እኔን «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» አለኝ። እስከ ቤት ድረስ እየሳቅሽ ሄድሽ። በአገራችንም በድሮው ጊዜ ወንዶች ነጠላ ተከናንበው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር ስልሽ፣ «ይመለስልህ እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ወሬ ቀየርኩ። መልሴ አዎ ነበር።

ጉዱማሌ ሜዳም እንደዚያው ነበር። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ በዓል ሄደን ሜዳው ሙሉ ቄጣላ የሚሉትን ጭፈራ ሲጨፍር ቆመን አየን። ተመልካቹ የትኛው ነው ብለሽ ጠየቅሽ። ማቴዎስ፣ የአገሩ ልጅ፣ «እዚህ ተመልካች የለም፤ ሁሉም ገቢ ነው» ብሎ እጅሽን ይዞሽ ገባ። መድረክ የሌለበት፣ መጋረጃ የሌለበት፣ ትኬት ቆራጭ የሌለበት ቲያትር እንዳለ ያን ቀን ገባኝ። ሊገባኝ የቻለው ዳር ላይ ቆሜ ስላየሁት ነው፤ አንቺ ገብተሽ ጨፈርሽ፣ እኔ ቦርሳሽን ያዝኩ።

ካለፍሽ በኋላ ቡድኑ ቲያትሩን አላቆመም። ቦታሽን ማንም አልያዘውም። ማቴዎስ ባዶ ወንበር አስቀምጦ አንቺ ያለሽ ይመስል ያናግረዋል፣ ይቆጣዋል፣ ጋቢ ያለብሰዋል። አዳራሹ ያለቅሳል። እኔም እሁድ እሁድ ከኋላ ተቀምጬ አየሁት። የእኔ ድንኳን በሦስተኛው ቀን ፈረሰ፤ የእሱ ግን በየሳምንቱ ይተከላል። እኔ ሥራ ገብቼ ስለ መንገድ ጥገና እጽፋለሁ፤ እሱ መብራት በርቶለት በአንቺ ያዝናል። ሚስት ሞተችበት ብሎ ከተማው የሚያውቀው እሱን ነው።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አዘጋጃችሁ ጋሽ ደስታ ከሁለት የቡድኑ አባላት ጋር ቤቴ መጡ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። የሞተ ተዋናይ ቦታ ለሌላ የሚሰጠው ቤተሰቡ ሲፈቅድ ነው የሚለውን የቡድናችሁን ልማድ ታውቂዋለሽ፤ ለካ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ልክ ልጅ ሊጠይቁ እንደመጡ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው አንቀመጥም አሉ። ቦታሽን ለተማሪሽ ለሕሊና እንድፈቅድላቸው ነበር የፈለጉት። ጋሽ ደስታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የመጣንበት ጉዳይ ከባድ ነው፤ ግን...» ሲሉ «ፈቅጃለሁ» አልኳቸው።

«ኧረ ቆይ እንጂ! ትንሽ እንኳ ተግደርደር! ስንት ቀን የተለማመድነውን!» ብለው ጋቢያቸውን ወረወሩት።

በማግስቱ ማቴዎስ ብቻውን መጣ። ዐይኑ ቀልቷል። «ጋሼ፣ እምቢ ይበሉ። እርስዎ እምቢ ካሉ ማንም አይደፍርም። እኔን ወንበሩ ይበቃኛል» አለኝ። እኔም እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ «አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ብቻህን መቅረት የለብህም» ብዬ እንደ አባት መከርኩት። የገዛ ሚስቱ ማታ ስልክ ደውላ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እሁድ እሁድ ቤት ሲመጣ እኮ አያናግረኝም ነበር» አለችኝ። ለካ በዚህ ከተማ የምቀና እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ሰዉ አሁን መንገድ ላይ እያስቆመ ያመሰግነኛል። ትልቅ ሰው፣ ለጥበብ ሲል ሐዘኑን የዋጠ ይሉኛል። ምስጋናውን እቀበላለሁ። የፈቀድኩት ለጥበብ እንዳልሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። እሱ ሌላ የመድረክ ሚስት እስኪያገባ ድረስ የአንቺ ሐዘንተኛ ሆኖ ሊኖር ነው፤ ስለዚህ ዳርኩት።

ሕሊና የመጀመሪያዋን እሁድ ስትጫወት ሄድኩ። በደንብ ተጫወተች። ድምፅሽን አልሰረቀችም፤ የራሷ አላት። ግን ማቴዎስ ሊወጣ ሲል ጠጋ ብላ በእጇ ጀርባ ትከሻውን ሁለቴ ጠረግ አደረገችው። ብርቄዬ፣ ያ የእኔ ነበር። በየጠዋቱ በራችን ላይ ሥራ ልሄድ ስል የምታደርጊልኝ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሄጄ ማን እንዳሳያት ስጠይቃት ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«እትዬ ብርቄ ናት፤ ለእሷ ደግሞ እትዬ ዘውዴ» አለችኝ፤ የአንቺን አስተማሪ ማለቷ ነው። «ሚስት ሆነን ስንገባ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ጋሼ። ድሮም ያለ ነው።»

ያን ማታ እራት አልበላሁም። ከእኔ በፊት የነበረ ነገር ነው ለካ፤ አንቺም መድረክ ላይ ስታደርጊው ዐይኔ ፊትሽ ላይ ስለነበር አላየሁትም። በጃፓን ተዋናይ የአባቱን ስም ይወርሳል ብዬ ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እዚህ ሀዋሳ ደግሞ የእኔ ትከሻ ይወረሳል። ቤታችን በር ላይ ትለማመጂ ነበር ወይስ ትወጂኝ ነበር? የሚመልስልኝ ሰው ስለሌለ በእትዬ ዘውዴም ቀናሁ፤ እሳቸው ካረፉ ስንት ጊዜ ሆናቸው።

ሕሊናን ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ልጠይቅ በማግስቱ ወደ ልምምድ ሄድኩ። አልተቀየመችኝም። እንዲያውም ትከሻ መጥረጉን በጎን ቆማ አሳየችኝ። ቀጥ ብለሽ ወደ ሰውየው ከዞርሽ ጀርባሽ ለተመልካች ይሆናል፤ ያ ደግሞ በእናንተ መድረክ ነውር ነው። አንድ ጊዜ ተሳስታ ብትዞር «ጀርባሽን ቤትሽ ውሰጂው! እዚህ የሚያየው የለም!» ብለሽ እንደጮህሽባት እየሳቀች ነገረችኝ።

ከአዳራሹ በእግሬ ወደ ታቦር ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ሁልጊዜ ከፊቴ ትሄጂ ነበር፤ እኔ ቀርፋፋ ነኝ። የግራ ትከሻሽ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ከአንገትሽ ሥር፣ ፀጉርሽ ሲነሣ ብቻ የምትታይ ጥቁር ነጥብ አለች። የቀሚስሽ ዚፕ ወገብሽ ላይ ስለሚያዝ «ሳበው እንጂ፣ አይነክስህም» ትይኝ ነበር። ስትቆጪ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ትተኚያለሽ፤ ከአተነፋፈስሽ ቁጣሽ መቼ እንደበረደ አውቃለሁ። ለዚህ ሁሉ ያጨበጨበ የለም። ማቴዎስ ስንት ዓመት አጠገብሽ ቆሞ ይህን አያውቅም፤ ልንገረው ብዬ አስቤ ነበር፣ ተውኩት።

ፊትሽን ከከተማው ጋር እካፈላለሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ። ጀርባሽን ግን ይዤ እኖራለሁ። እንደማልረሳሽ ቃሌ ይህ ነው፤ ማንም እንዳይጋራኝም እጠብቀዋለሁ።

የቤት ባልሽ