የእማዬ ቀለም ቀቢ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም ብለሽ ነው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ብዕሩ እዚያው ላይ ቆመብኝ። እማዬ ትበላለች፣ እንቅልፏም አይከፋም፣ የደም ግፊቷም ባለፈው ሲለካ ደህና ነበር። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ደህንነት ካልሽው ደህና ነን።

ባለፈው ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። የምመልስልሽ አጥቼ አይደለም። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ የጠየቅሽኝ ደግሞ እሷ ፊት የሚመለስ አልነበረም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። እጄ ብሩሽ እንጂ ብዕር መያዝ ከተወ ቆይቷልና ጽሕፈቴን ታግሰሽ አንብቢው።

በሁለት ነገር ነው የተቆጣሽኝ። የአክስታችን ልጅ የቤቱን ፎቶ ላከችልሽና «የእናቴን ቤት መዋዕለ ሕፃናት አስመሰልከው፤ ያ የመሰለ ክሬም ቀለም ምን አደረገህ?» አልሽኝ። ቀጥለሽ ደግሞ እማዬ በስልክ «ልጄ ጥሎኝ ጠፋ፤ የምውለው ከአንድ ቀለም ቀቢ ጋር ነው» ስላለችሽ፣ እናትህን ለማይታወቅ ሰው ትተህ የት ነው የምትውለው ብለሽ ጮህሽብኝ። በቦታሽ ብሆን እኔም እጮህ ነበር።

ከቀለሙ ልጀምር። እንደማያምር አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ከሦስት ቀለም በላይ አታስገቡ እያልኩ ከስንቱ ባለቤት ጋር ተከራክሬያለሁ። አንዲት ደንበኛ መኝታ ቤቷን አራቱንም ግድግዳ አራት ዓይነት ላድርገው ብትለኝ ብሩሼን አጥቤ ነው ወጥቼ የሄድኩት። ዛሬ የሙያ ጓደኞቼ ያንን ኮሪደር ቢያዩ፣ ሐኪም የሚያስፈልገው ለእናቱ ሳይሆን ለእሱ ነው ማለታቸው አይቀርም።

ነገሩ የጀመረው በመጸዳጃ ቤቱ በር ነው። ታስታውሺ እንደሆነ ኮሪደሩ ላይ ያሉት አምስቱም በሮች እንደ ግድግዳው ክሬም ነበሩ። እንደዚያ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። በርና ግድግዳ አንድ ሲሆን ቤት ሰፋ ብሎ ይታያል እያልኩ ስኮራበት የኖርኩት ሥራ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እማዬ ኮሪደሩ መሀል ቆማ ግድግዳውን በመዳፏ ስትዳብስ አገኘኋት። በሩን ማን ወሰደው ብላ ጠየቀችኝ። ስቄ ከፈትኩላት። በሳምንቱ ግን ዕቃ ቤት ውስጥ ነበረች። ሳትደርስ ቀርታ፣ ተንበርክካ፣ ከራሷ ላይ በፈታችው ሻሽ ወለሉን ትወለውል ነበር። ቀና ብላ ሳታየኝ «ውሃ ፈሶ ነው» አለች። አዎ፣ ቧንቧው ያፈሳል አልኳት። ውሸት እንደሚያስከፍል መቼም ታውቂያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ቧንቧውን ካልሠራህ ብላ መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጣችኝ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ግማሽ ቀን በጀርባዬ ተኝቼ የሌለ ቧንቧ ስጠግን ዋልኩ።

ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ ነች የነገረችኝ። ዓይኗ ያያል፣ አእምሮዋ ግን ነጣ ያለውን ነገር ነጣ ካለው መለየት ደክሞታል አለችኝ። እንድታገኘው የምትፈልገውን ነገር ከዙሪያው በደንብ የሚለይ ቀለም ቀባው፣ እንዳታገኘው የምትፈልገውን ደግሞ ከዙሪያው ጋር አመሳስለው አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ የቀለም ምክር ሰምቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሰማያዊ ነበር፤ እማዬ ሰማያዊ እንደምትወድ መቼም አይጠፋሽም። ለሰው ቤት እንደማደርገው መዳፍ የምታህል ናሙና ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቀባሁና በጠዋት ብርሃን አየሁት። ጥሩ ነበር። ቸኩዬ በሩን በሙሉ ሁለት እጅ ቀባሁት። የረሳሁት ነገር ጥልቅ ሰማያዊ በአምፖል ብርሃን ጥቁር እንደሚሆን ነው፤ ለጀማሪ ሁሉ የማስተምረውን! አመሻሽ ላይ ከሳሎን ስትወጣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ አልሄድም አለች።

ቀይ አደረግኩት። ፎቶው ላይ ያየሽው የበሰለ ቲማቲም የመሰለው በር እሱ ነው። ቀይ ሰነፍ ቀለም ነው፤ በሥሩ ያለውን ቶሎ አይሸፍንም። ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ በግራጫ መደብ ቀብቼ፣ ሦስት እጅ ፈጀብኝ። ሲደርቅ እማዬ ከመኝታዋ ተነስታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ በሩን ከፍታ ገባች። ስትወጣ እጇን እያደራረቀች «አገኘሁት» አለችኝ፣ የጠፋባት ወርቅ ይመስል። ብዙ ትልልቅ ቤት ጨርሼ አስረክቤያለሁ። እንደዚያ ቀን ግን በሥራዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እጄ ተፈታ። የመጸዳጃው ነጭ መቀመጫ ከነጩ ግድግዳ ጋር ተደባልቆባት ስለነበር ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ጥቁር አረንጓዴ አደረግኩት። የሳሎኑ ደፍ ጥቁር ስለነበር ቦይ መስሏት ትዘለው ነበር፤ እንደ ወለሉ ቀባሁት። የመኝታ ቤቷ በር ቢጫ፣ የማዕድ ቤቱ ብርቱካናማ ሆነ። መዋዕለ ሕፃናት ያልሽው እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው።

አሁን ስለ ቀለም ቀቢው።

እማዬ ከእሷ የሚያንሰውን ወንድ ሁሉ «ልጄ» ነው የምትለው፤ ባለሱቁንም፣ ቆጣሪ አንባቢውንም። ስለዚህ «ልጄ» ስትለኝ፣ ከመቼ ጀምሮ እኔን ማለቷ እንደቀረ አላውቅም። ያወቅኩት አንድ ቀን ቀትር ላይ ነው። ያን የለመድኩትን የሥራ ቱታ ለብሼ፣ ፊቴ በግድግዳ ማለስለሻ ስቱኮ አቧራ ነጥቶ፣ መሰላል ላይ ሆኜ የኮርኒሱን ጠርዝ እቀባ ነበር። በሁለት እጇ ሻይ ይዛ መጣችና «ትንሽ አረፍ ይበሉ እንጂ፣ ደከሙ እኮ እርስዎ» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ፊቷን አየሁት። በጫማ ስታሯሩጠኝ ያደግኩት፣ አንተ ቀውላላ ስትለኝ የኖረች እናቴ፣ እርስዎ አለችኝ። ወርጄ ብርጭቆውን ተቀበልኩ። እማማ፣ እጅዎ ይባረክ አልኳት። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ፣ ልጇም ቀለም ቀቢ እንደሆነ፣ ሥራ ስለሚበዛበት እንጂ እሱ ቢመጣ ኖሮ እኔን እንደማታስቸግረኝ ነገረችኝ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ታጥቤ፣ ሸሚዝ ለብሼ፣ ልጇ ሆኜ ገባሁ። «ማነህ? ከቤቴ ውጣ» ብላ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። ከዚያ በፊትም ለወራት ስንታገል ነው የኖርነው፤ ክኒን ከእጄ አትወስድም፣ ላጥባት ስል ትቧጭረኛለች። በማግስቱ ቱታውን መልሼ ለበስኩና፣ እማማ፣ የቀለሙ ሽታ እንዳይጎዳዎት ክኒንዎን ይዋጡ ብላት፣ ሥራዎን እንዳላስቆምዎት ብላ ዋጠች። እግሯን ላጥብ ብላት ቀለም ረግጣ ይሆናል ብላ ሰጠችኝ። ለልጇ እምቢ ያለችውን ሁሉ ለቀለም ቀቢው እሺ ትለዋለች።

ሥራው ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል። ያለቀ ዕለት ዕቃዬን ስሰበስብ አየችኝና አመሰገነችኝ፣ መረቀችኝ፣ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝና ዘጋችብኝ። ደጅ ላይ ባልዲዬን ይዤ ቆምኩ። ትንሽ ቆየሁና አንኳኩቼ፣ ይቅርታ እማማ፣ አንድ እጅ ይቀረዋል አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሥራው አያልቅልኝም። ሰኞ አንዱን ግድግዳ፣ ማክሰኞ ሌላውን እቀባለሁ። ቀለሙ ከመደራረቡ የተነሳ መላጥ ሲጀምር ብሩሹን በንጹሕ ውሃ እየነከርኩ መቀባት ጀመርኩ። ግድግዳው ሲረጥብ ጠቆር ይልና አዲስ የተቀባ ይመስላል፤ እስኪደርቅ ድረስ ሌላው ጋ እደርሳለሁ። ደንበኞቼን ለጓደኛዬ አስተላልፌያለሁ። ስለዚህ እህቴ፣ እናትሽን ለማይታወቅ ሰው አልተውኳትም። እሷ ባታውቀውም እኔ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽና በስልክ አታንሺብኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ረፋዱ ላይ እማዬ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ልጄን ልፈልገው ነው፣ ቤቱን ይጠብቁልኝ አለችኝ። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ከግድግዳው ሥር ያለውን የዞኮሎ መስመር እቀባ ነበር። የበሩ መዝጊያ ሲከፈት ሰማሁ። ወዲያው ተነስቼ ተከተልኳት ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። መስመሩን ጨረስኩ። እስከ ማዕዘኑ ድረስ ሳልቸኩል ጨረስኩት። ብሩሹንም አጠብኩ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር።

ያገኘኋት ቀለም መሸጫው ሱቅ ነው፤ መኪና የሚበዛበትን ትልቁን መንገድ ብቻዋን ተሻግራ። ባለሱቁ የቀለም ባልዲ ገልብጦ አስቀምጧታል። ልጇን ስትጠይቅ ነበር፤ ቀውላላ ነው፣ ግራኝ ነው፣ ቀለም ሊገዛ እዚህ ይመጣል እያለች። ባለሱቁ ሃያ ዓመት ያውቀኛል። ስገባ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። እሷ ግን ፊቷ በራ፤ ተመስገን፣ የቤቴ ቀለም ቀቢ መጣልኝ፣ እሱ ያደርሰኛል አለችው። ስንመለስ ክንዴን ይዛ እናት አለዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለችኝ አልኳት። ታዲያ ይጠይቋታል ወይ አለችኝ። በየቀኑ አልኳት። ጎበዝ ብላ እጄን ጠበቅ አደረገችው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የውጭውን በር በውስጥ በኩል ከነመዝጊያው እንደ ግድግዳው ቀባሁት። የአክስታችን ልጅ «እናቱን ቆልፎባት ይኖራል» ብላሽ ከሆነም ይህን አይታ ነው። አልቆለፍኩም። በሩን ከእማዬ ነው የደበቅኩት ብዬ ለጠየቀኝ ሁሉ ነግሬያለሁ።

ባለፈው እሑድ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሳሎኑን በውሃ እየቀባሁ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። ልጄ ይህን ሙያ ሲይዝ አልቅሻለሁ አለችኝ ድንገት። ለጎረቤት «ቢሮ ነው የሚሠራው» እያለች ትዋሽ እንደነበር ነገረችኝ። እሱን አውቅ ነበር፤ ያኔ አኩርፌ ስንት ወር እንዳላናገርኳት አንቺም ታስታውሻለሽ። የማላውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። መጀመሪያ ይህን ቤት ክሬም ቀብቼላት የሄድኩ ቀን፣ ሳሎኑን ከውስጥ ዘግታ እስኪመሽ ብቻዋን ተቀምጣ ግድግዳውን ስታይ ዋለች። ከዚያም ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ወንበር እንዳያስጠጋበት ትጠብቀው ነበር። ለልጅዎ ነግረውታል ወይ አልኳት፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። ይህ ደግሞ ለልጅ ይነገራል እንዴ፣ ይኮራብኛል ብላ ሳቀች። ቆየት ብላ ግን፣ እናንተ ወንድ ለወንድ ስለሆናችሁ፣ አንድ ቀን ካገኙት ይንገሩልኝ አለችኝ። እነግረዋለሁ አልኳት። ግድግዳው ስንት ጊዜ ደርቆ ስንት ጊዜ መልሼ እንዳረጠብኩት አላውቅም።

እህቴ፣ ነይልኝ። አንቺን ከስልክ ድምፅሽ እንኳ ለይታ ታውቅሻለች። ስትመጪ ይሄ እኮ ልጅሽ ነው ብለሽ እንዳታስተዋውቂን፤ ለልጇ ሻይ እየያዘች እርስዎ ስትለው መክረሟን ብትሰማ ታፍራለች። አንድ ሳምንት ብቻ የቤቱን ቁልፍ ያዢልኝ። ክኒኑን፣ የምትወደውን ሾርባ አሠራር፣ የነርሷን ስልክ ሁሉ በወረቀት ጽፌ ማዕድ ቤት ለጥፌልሻለሁ፤ ምንም አይቸግርሽም። ሳምንቱን የት እንደምሄድ አትጠይቂኝ፣ እኔም ገና አላሰብኩትም። እመለሳለሁ። እመለሳለሁ ብዬ በእጄ ጽፌልሻለሁና ይህን ደብዳቤ አትጣይው።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ጤናሽ ይመለስ፣ ቤትሽ ይሙቅ፣ የእናታችንን ዓይን በደህና ለማየት ፈጣሪ ያብቃሽ፤ መንገድሽንም ቅርብ ያድርገው።

የሚወድሽ ወንድምሽ