ነጥብ ያልለቀቁት የእታለም የሕይወት ታሪክ

በሥራ ቦታቸውም በሰፈራቸውም፣ በዕድሜ ከሚበልጧቸው ሰዎች አፍ ሳይቀር «እታለም» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት እኅታችን፣ ከአናጺው አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው ኅዳር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ በነበረችው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ነው። «እታለም» ብሎ መጥራት የጀመረውም እሱ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ስሙን የነጠቀው ከእሱ ነው። የእኅቱ ልጅ ነርሷ «አጎቴ፣ በናትህ አጠር አድርገው፣ ስፖርቱንም ቀነስ» ብላዋለች። አላጠረም። ስፖርቱም አልተቀነሰም፤ ስፖርቱ ከወጣ እሳቸው የሉበትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው አሥረኛ ክፍል እስኪደርሱ ድረስ በጥሩ ውጤት ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. እናታቸው በድንገት ዐረፉ። እታለም ዕድሜያቸው አሥራ ሰባት፣ ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ ስምንት ነበር። ልጁ እህል በአፌ አይዞርም አለ፤ ሥራው ማልቀስ ብቻ ሆነ። አባት ለመኑት፣ ጎረቤት አባበለው፣ አልሆነም። አንድ ቀን እታለም ሁለት ካልሲ ጠቅልለው ኳስ ሠሩና ልጁን ከአልጋው ወዲያ አቆሙት፤ እሳቸው ከአልጋው ወዲህ ቆሙ። በመዳፍ መምታት ነው፤ የጣለ ነጥብ ይቆጠርበታል። አሥር ለዜሮ አሸነፉት።

ልብ በሉ፣ እናቱ የሞተችበት የስምንት ዓመት ልጅ ነው። እንኳን እኅት ጠላትም አንድ ነጥብ ይለቅለት ነበር። ልጁ በንዴት ጦፈ፣ «አጭበርብረሻል!» ብሎ ጮኸ፣ እንደገና ካልተጫወትን አለ። በሁለተኛው አሥር ለአንድ ተሸነፈ። ያን ዕለት ማታ፣ ነገ እንዴት እንደሚያሸንፋቸው እያሰበ ሳያውቀው ራቱን ጨርሶ በላ። ያቺን አንድ ነጥብ ዛሬም ያስታውሳታል። ማንም የሰጠው አልነበረችም፤ የራሱ ነበረች።

እታለም ወንድማቸውን ለማሳደግ ሲሉ የቀን ትምህርታቸውን አቋርጠው የልብስ ስፌትና ቅድ ሙያ ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. በአንድ የደንብ ልብስ ማምረቻ ድርጅት የቅድ ክፍል ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ማታ ማታ እየተማሩ በ1970 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። እሳቸው የቆረጡት ጨርቅ ጠርዙ ላይ ማስመሪያ ቢቀመጥ በመሐል ብርሃን አያልፍም ነበር። በዚህ ሙያቸው እስከ ቅድ ክፍል ኃላፊነት ደርሰዋል። ወንድማቸውንም እዚያው ድርጅት በስፌት መኪና ጥገና አስቀጥረውታል፤ ሲያጠፋ ግን ከማንም በፊት የሚቆጡት እሳቸው ነበሩ።

በ1975 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴት ልጃቸውን ነርሷን በ1977፣ ወንድ ልጃቸውን የኤሌክትሪክ ባለሙያውን በ1980 ዓ.ም. ወለዱ። ባለቤታቸው በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድ ደቂቃ አስቀድመው ተነሥተው፣ አንድ ደቂቃም አርፍደው ደርሰው አያውቁም ይባላል። እታለም ለምን እንደ መረጧቸው ለሚጠይቃቸው ሰው መልሳቸው ይኸው ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ወገባቸው ተያዘና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቀና ማለት አቃታቸው። ሐኪሙ መንቀሳቀስ እንዳለባቸው ቢነግሯቸው «ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው» ብለው ሳቁ። ሐኪሙም መቆምና መንቀሳቀስ እንደሚለያዩ በትዕግሥት አስረዷቸው። ያኔ ከሥራ ውጪ የሆነ አንድ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ በምግብ አዳራሹ ጥግ ተቀምጦ ነበር። እታለም ከትርፍ የገበር ጨርቅ መረብ ሰፉለት፣ ከሳጥን ክዳን አራት ራኬት አስቆረጡ፤ የምሳ ሰዓት ጠረጴዛ ቴኒስ በዚያ ተጀመረ።

በ1987 ዓ.ም. ከማተሚያ ቤት ሠራተኞች ጋር ለመወዳደር አምስት ሰው ይዘው ሄዱ። አምስቱም ተሸነፉ። የመቱት ኳስ ሁሉ ጠረጴዛውን አልፎ ግድግዳ ይመታል። ታናሽ ወንድማቸው «ጠረጴዛውን አሳጥረውብናል!» ብሎ አዳራሹን ቀወጠው። እታለም ከአንገታቸው ሜትራቸውን አውርደው ለኩ። የማተሚያ ቤቱ ጠረጴዛ ልክ ነበር። ለካ እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ የተለማመድነው በሁለት ስንዝር በሚረዝም የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ኖሯል! በማግስቱ እታለም የአባታቸውን መጋዝ ይዘው መጡ፣ ትርፉን ራሳቸው ቆረጡትና «ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን» አሉ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልተማረ የድርጅቱ ሠራተኛ ጥቂት ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ጫማውን ነበር፤ ሶሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ያን ዕለት ተመልካች ይሆናል። ትከሻውንና ቁርጭምጭሚቱን ሳያፍታታ ኳስ የሚነካም የለም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማሸነፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁለቱ ሰዎች ተባብረው ኳሷን ሳይጥሉ ሃምሳ ማድረስ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው ብሎ ስላጉረመረመ፣ እሱን አንድ ወር ሙሉ ሃምሳ አስቆጥረውታል። ራኬት ጨምድዶ የሚይዝ ሰው ሲያዩ «መቀስ እንዲህ ቢያዝ ጨርቁ ያልቅ ነበር፣ ላላ አድርገው» ይሉ ነበር። ከሚበልጠው ጋር ብቻ የሚጫወት ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ከሚያንሰው ጋር ብቻ የሚጫወት ደግሞ ይጠግባል ብለው ስለሚያምኑ በየሳምንቱ ተጋጣሚ የሚመድቡት እሳቸው ነበሩ። ጡንቻውን ላመመው «ነገ ና»፣ መገጣጠሚያውን ላመመው «ሐኪም ዘንድ ሂድ» ነው መልሳቸው። ተሸንፎ ራኬት ወርውሮ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ማለትም ታናሽ ወንድማቸው፣ ከበር መልሰው ያሸነፈውን ሰው «የቱ ጋ ነው ያገኘኸኝ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጉት ነበር። መጠየቁ ያንገበግባል። ግን በዚያ ጥያቄ የተማረውን ያህል በሌላ በምንም አልተማረም። ጨዋታው ገና ሲጥም ደግሞ «በቃ!» ይላሉ፤ ሰው ሳይጠግብ ከተነሣ ነገ ራሱ ይመጣል ባይ ናቸው።

የማይታጠፍ ደንባቸው ግን አንድ ነበር። ሆን ብሎ ነጥብ የለቀቀ ሰው አንድ ወር ራኬት አይነካም። «ነጥብ ከለቀቃችሁልኝ በቁሜ ቀበራችሁኝ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ለመጫወት መጡና የመጋዘን ሠራተኛው በአምስት ደቂቃ ተሸነፈላቸው። እታለም እዚያው፣ በሥራ አስኪያጁ ፊት፣ ልጁን አንድ ወር ቀጡት። ሁላችንም ዛሬስ እንጀራቸው ተቆረጠ አልን። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጡ። በሳምንቱ ሸራ ጫማ አድርገው ተመልሰው መጡና ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሃምሳ መቁጠር ጀመሩ።

በ2004 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ ድርጅቱ ያንኑ ጠረጴዛ ሸለማቸው። በግቢያቸው በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተተከለና የሰፈሩ ሰው ተረኛ ሆነ። ጉልበቱን የሚያመውን ፀጉር አስተካካይ ሳይሮጥ መጫወት አስተምረውታል፤ ፋርማሲስቷን ከሥራ መልስ ለግማሽ ሰዓት ላብ በላብ ያደርጓት ነበር። ባለቤታቸው ራኬት ነክተው አያውቁም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነጥብ ይቆጥራሉ፤ እሳቸው የቆጠሩት ነጥብ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. እታለምን ቀኝ ጎናቸውን ያማቸው ጀመር። ምርመራው የጉበት ካንሰር መሆኑን፣ መዘግየቱንም ነገረን። እሳቸው ሐኪሞቹን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሳምንት ስንት ቀን መጫወት እችላለሁ? ደከም ሲላቸው በነጥብ መሐል እየተቀመጡ፣ እየተነሡ ተጫወቱ።

የካቲት 9 ቀን ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ገጠሙ። ሹራባቸው ሰፍቷቸው ነበር። እጅጌውን ሲሰበስቡ የእጃቸው አንጓ ታየው፤ አጥንት ብቻ ነው። ያን ካየ በኋላ ኳሱን መረብ ላይ መታ። ደግሞ መታ። እታለም አሥራ አንድ ለስምንት አሸነፉ። ራኬታቸውን በቀስታ አስቀመጡና «ዛሬ አንድም ነጥብ አልተከራከርክም። በሃምሳ ዓመት የመጀመሪያህ ነው» አሉት። ካደ። ማለ። እሳቸውም ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ባለቤታቸው መሬት መሬት እያዩ «ስድስት ለቋል» አሉ። እታለምም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «አንድ ወር» አሉ።

ወንድማቸው ይህ የሕመም አመል ነው ብሎ በሩን ወርውሮ ወጣ። አሥራ አንድ ቀን አኩርፎ ቀረ። ደንቡ ራኬት አትንካ ነው የሚለው፤ እኅትህን አትይ አይልም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ማየት እየቻለ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ትጠራኛለች እያለ ጠበቀ። ለእኅቱ አዝኖ ስድስት ነጥብ የለቀቀ ሰው፣ ኩርፊያውን ግን መልቀቅ አልቻለም። ይህን እዚህ የጻፈው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ብሎ ነው። ወይኔ! እነዚያን ቀናት ማን ይመልስለት?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲሄድ እታለም ከአልጋ መነሣት አቁመው ነበር። እግራቸው ሥር ተቀምጦ «እታለም፣ ይቅር በይኝ፣ ወሩንም አንሽልኝ» አለ። «አንተንማ ያን ዕለት ነው ይቅር ያልኩህ። ወሩ ግን ወር ነው። ዛሬ ካነሣሁልህ እስከ መጋቢት ዘጠኝ አልቆይም ማለቴ አይደል?» አሉት። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ከአጠገባቸው አልተለየም። ስለ እናታቸው፣ ስለ አባታቸው መጋዝ፣ ስለዚያ ረጅም ጠረጴዛ እያነሡ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ስለ ወሩ ግን ዳግመኛ አላነሡም።

እታለም በቤታቸውና በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ወሩ ሊሞላ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር። የቀሩት ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ያሳደጉት አንድ ወንድማቸው ናቸው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ቁም ሣጥኑን ከፍተው የወንድማቸውን ራኬት አወጡ። አዲስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። እታለም ትራስ ተደግፈው ሦስት ሌሊት የሠሩት ነው፤ ወሩ እስኪሞላ ድረስ እንዳይነገረው ብለው አስምለዋቸው ነበር። ላስቲኩን የከረከሙት በዚያው በሥራ መቀሳቸው ነው። ከእጀታው አጠገብ አንድ ቦታ ላይ ጠማማ ነው። እኅቴ በሕይወት ዘመናቸው ጠማማ ሲቆርጡ ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ልቀበል እጄን ስዘረጋ ባለቤታቸው መልሰው ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገቡትና እያለቀሱ «ወሩ አልሞላም» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ነፍሳቸውን ፈጣሪ ድካምና ሕመም በማይደርስበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ብርታቱን ያድልልን።

መጋቢት 9 ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢው በር ክፍት ነው። ጫማችሁን አይታችሁ ኑ። ሐዘንተኛ ነው ብላችሁ አንድ ነጥብ እንኳ እንዳትለቁልኝ። እታለም፣ ስድስት ቀን ቀርቶኛል።